ለድብ ግልገሎች ዝም ያሉት ጋሼ መኩሪያ

ጋሼ መኩሪያ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚገኝ ሆስፒታል ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ በሐዘን እገልጻለሁ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ከአትላንታ በስተሰሜን ባለ የዱር እንስሳት መጠለያ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስለሠራሁ መጻፉ ለእኔ ደረሰ።

ሥራችን እናታቸው የሞተችባቸውን የጥቁር ድብ ግልገሎች ማሳደግ ነበር። የተቀጠርኩት ኦሎምፒኩ አትላንታ በተደረገበት ዓመት ነው። መኪና ስላልነበረኝ ጋሼ በየጠዋቱ ከፓይን ሌክ ተነስተው፣ ቻምብሊ ድረስ እየመጡ ይወስዱኝ ነበር። በመንገድ ላይ ወሬያቸው ድብ ብቻ ነው። ወንዱና ሴቷ በሰኔ ይገናኛሉ፤ ጽንሱ ግን እስከ ኅዳር አያድግም፤ እናቲቱ በልታ ካልሰባች ጭራሽ ይቀራል። በጥር ጎሬዋ ውስጥ እንደተኛች እፍኝ የማይሞሉ ግልገሎች ትወልዳለች፣ እያንቀላፋችም ታጠባቸዋለች። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይዛቸው ዞራ በመጨረሻ ታባርራቸዋለች።

«እስከዚያ ሰውን መሸሽ ታስተምራቸዋለች» ይሉ ነበር። «እኛ ግን የምናስተምራቸው በዝምታ ብቻ ነው። የሰው ድምፅ ከወተት ጋር ከለመዱ፣ እኛው ገደልናቸው ማለት ነው።»

ያን ያህል ወሬ የሚወዱ ሰው፣ ግልገሎቹ ዘንድ ሲገቡ ሳላቸውን እንኳ ያፍኑ ነበር።

አንድ መጋቢት ጡጦ እንቢ ያለች ከሲታ ግልገል መጣች። ድና በቀጣዩ ዓመት ጫካ ተለቀቀች። በሰኔ ለሽርሽር የወጡ ሰዎች ሲያወሩ ሰምታ ጠረጴዛቸው ድረስ ቀረበች። ሕፃናት ስለነበሩ በጥይት ተመትታ ሞተች።

አለቃችን ሰበሰበንና ያናገራት ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ያ ሰው ከእንግዲህ ግልገል እንደማይነካም ነገረን። ጋሼ ወዲያው «እኔ ነኝ፤ ስትታመም አባብያታለሁ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ መጋዘን ጠረጉ፣ በርሜል አጠቡ። ግልገል አልነኩም። በመኪና ስንመለስ ብቻ «ቤቢዎቹ እንዴት ዋሉ? ወተታቸውን ፊኒሽ አደረጉ?» ይሉኝ ነበር።

ጋሼ፣ «ጠጪ የኔ እናት፣ አይዞሽ» እያልኩ ያጠጣኋት እኔ ነበርኩ። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ሰምተውኛል። ብቻዬን ልጅ እንደማሳድግ ስለሚያውቁ ጥፋቴን ወሰዱልኝ፤ እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። ግልገሏን አስገደልኳት፣ እርስዎን ከሚወዱት ሥራ ለየሁዎት። ነገ በመንገድ ላይ ነገሩን አነሳለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ከጎንዎ ተቀመጥኩ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። አመሰግናለሁ ያልኩዎት ዛሬ፣ መልስ በማይሰጡበት ቀን ሆነ።