ቆሎ ብቻ የበላሁበት ስእለት

መጀመሪያ ያየሁት ቆሎው ላይ ደም ነበር። የገብስ ቆሎ ስቆረጥም አንዷ ፍሬ ከአፌ ወደቀችና ባነሳት ቀልታለች። ጠጠር ነክሼ ይሆናል ብዬ ተጉመጥምጬ ተውኩት። በማግስቱም ደማ። በሦስተኛው ቀን ቆሎ ሳልነካም ደማ።

ለምን ቆሎ ብቻ እበላ እንደነበር ልናገር። ከጉራጌ አገር አምጥቶ ኮልፌ ያስቀመጠኝ ባለቤቴ ወልዴ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ እሱ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ። እዚህ ሌላ ዘመድ አልነበረኝም፤ ጥጥ እየፈተልኩ ብቻዬን ቀረሁ። ወሬው ሲጠፋብኝ በመስቀል ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተንበርክኬ ተሳልኩ። "ወልዴን በሕይወት መልስልኝ፤ እሱ እስኪመጣ ከቆሎና ከውኃ በቀር ባፌ አይዞርም" አልኩ። ስእለት ቀላል ነገር አይደለም። አንዴ ከአፍ ከወጣ ከተሳሉለት ሰው ሕይወት ጋር የታሰረ ይመስላል።

የገና በዓል ሲደርስ ድዴ አብጦ ጥርሴን ሊሸፍነው ደረሰ። እግሬ ላይ ማንም ሳይመታኝ የበለዘ ነገር ወጣ። ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ስግደት ቀረብኝ። ከዚያ መዳፌ ተከፈተ። በልጅነቴ እንሰት ስፍቅ ተቆርጬ የዳነ ጠባሳ ነበር፤ እንደ ትናንት ቁስል ተከፈተ። እንዝርት መያዝ አቃተኝ። ተኛሁ።

ያገኘችኝ ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ሩቅያ ናት። መርካቶ ሎሚና ብርቱካን የምትቸረችር፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን የዋህ ሙስሊም ጎረቤቴ ነበረች።

"ውይ! አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሸተው?" አለችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። "ተነሽ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ።"

"የጣሊያን ሐኪም አልፈልግም።"

"የአበሻ ሐኪም ካለ አምጪዋ! ተነሽ አልኩሽ፤ አለዚያ ተሸክሜሽ ነው የምሄደው። ደግሞ ካንቺ የብርቱካኑ ቅርጫት ይከብደኛል።"

ደግፋ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። ድዴን ተጫነው፣ እግሬን ገልጦ አየው፣ ከዚያ በአስተርጓሚ ምን እንደምበላ ጠየቀኝ።

"ቆሎ።"

"ሌላስ?"

"ውኃ።"

አስተርጓሚው ሳቅ አመለጠው። "እመቤቴ፣ በቅሎ እንኳ ገብሷን በልታ ሣር ትግጣለች" አለኝ። ሐኪሙ አልሳቀም። በሽታው በጣሊያንኛ ስኮርቡቶ ይባላል አለ። "ቆሎ ካሎሪ አለው፤ ካሎሪ ማለት ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ሙቀትና ጉልበት ነው። እስካሁን ያቆየሽም እሱ ነው። ያጣሽው ትኩስ ፍሬ ነው። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ያልተቀቀለ። ካልበላሽ ትሞቻለሽ።"

ሩቅያ እቤት መልሳኝ ብርቱካን ራስጌዬ አስቀመጠች። አልነካሁትም። ሌሊትም ቀንም ከፊቴ ነበር። ብበላው ወልዴን በእጄ የምገድለው መሰለኝ። ሩቅያ አለቀሰች፣ ተሳደበች፤ "ባልሽ ሲመለስ መቃብርሽን ላሳየው ነው?" አለችኝ። ስእለቴን ነግሬ እንቢ ስላት ራሷ ሄዳ የንስሐ አባቴን ጠርታ መጣች።

"አባቴ፣ ስእለቴን ባፈርስና ቢሞትብኝስ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ የወልዴ ሞትም ሕይወትም በእግዚአብሔር እጅ ነው እንጂ ባንቺ ጥርስ አይደለም" አሉኝ። "ስእለቱን እኔ እለውጥልሻለሁ። ስትድኚ የተራበ ታበያለሽ። አሁን አፍሽን ክፈቺ።"

በመስቀላቸው ባረኩኝ። ሩቅያ ብርቱካኑን ልጣ ሰጠችኝ። ድዴን አቃጠለኝ። እያለቀስኩ ዋጥኩት።

ደሙ በቀናት ውስጥ ቆመ፤ መዳፌም ቀስ እያለ ገጠመ። እኔም ፍሬው እንዲህ ካዳነኝ ሌላው ምን ያደርግልኛል ብዬ ብርቱካን ብቻ እበላ ጀመር። ድዴ ሲሽር እኔ ከሳሁ፤ ቁጭ ብዬ መፍተል እንኳ ያዞረኝ ነበር። ሐኪሙ ጋ ብመለስ ተቆጣኝ። "ብርቱካን ካሎሪው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ድድን እንጂ ጉልበትን አይመልስም። ለጉልበት ከፍሬ ሙዝ ይሻላል። ግን እንጀራሽንና ሽሮሽን አትተዪ" አለኝ። ከዚያ በኋላ እንጀራውንም፣ ጎመኑንም፣ ሩቅያ ሳይሸጥላት የተረፈውን ሙዝም እየበላሁ ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ደረስኩ፤ በጾም የሚከለከል አንድም ነገር አልነበረበትምና ደስ ብሎኝ ጾምኩ፣ ሰገድኩም።

ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ ከወልዴ ጋር ጫካ የነበረ ሰው ፈልጎኝ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ገባኝ።

"መቼ?" አልኩት።

"ቀኑን አላውቀውም። እርስዎን ትቶ በወጣ በመጀመሪያው በጋ ነው።"

ብርቱካኑን የበላሁትም በዚያው በጋ ነው። ከሞቱ በፊት ይሁን በኋላ እስከ ዛሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ያሉኝን አምናለሁ። አንዳንድ ሌሊት ግን እምነቴ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ተነሥቼ እጸልያለሁ።

ሕይወቴን ላቆየልኝ እግዚአብሔር፣ ለንስሐ አባቴ፣ የጠላት አገር ሰውም ቢሆን እውነቱን ለነገረኝ ሐኪም ምስጋና አለኝ። ሩቅያን እስክሞት አመሰግናታለሁ።

አንቺም የሄደ ሰው እየጠበቅሽ ምግብ የተሳልሽ እንደሆነ፣ ድድሽ ሲደማ፣ እግርሽ ሲበልዝ አትደብቂ። የንስሐ አባትሽን ዛሬውኑ ጠይቂ። ሎሚውን ሳትቀቅዪ ብዪ፤ እህሉንም አትተዪ። ያ ሰው መርዶውን ነግሮኝ ሲሄድ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ አለቀስኩለት። ሞቼ ቢሆን ኖሮ ለወልዴ ኮልፌ ላይ የሚያለቅስለት ሰው አልነበረም።