ሰው ያልነበረበት ሰፈር

ደላላው ገና ከመኪናው ሳንወርድ ነበር ወሬውን የጀመረው። "ማዘር፣ ይሄ ሰፈር እኮ ድሮ ሰው የሚባል ያልነበረበት ባዶ ሜዳ ነው። ጅብ ብቻ ነበር የሚውልበት" አለኝ። ጅብ ቀን እንደማይውል እንኳ አያውቅም። የመጣሁት ለልጄ የሚከራይ ቤት ለማየት ስለነበር ተከተልኩት። እሱ ሕንፃ በሕንፃ እየጠቆመ ሲያሳየኝ እኔ የማየው ሌላ ነበር። እዚያ ጋ የማን አጥር እንደነበረ፣ እዚህ ጋ በክረምት የማን ላም ጭቃ ውስጥ እንደሰጠመች።

ያ ባዶ ሜዳ የተወለድኩበት ነው።

ቦታውን ላስረዳ። በምዕራብ በኩል የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር አለ። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲወርድ በአናታችን ላይ ነበር የሚያልፈው፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ዶሮዎቹ ይበታተናሉ፣ እኛ ወሬያችንን እዚያው ላይ አቁመን ድምፁ ሲያልፍ ከተውንበት እንቀጥላለን። በሰሜን በኩል ወደ መገናኛ የሚያወጣ መንገድ አለ፤ መንገድ ማለት ግን ጭቃ ነው። ከተማ ሥራ ያለው ሰው በክረምት ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ይሄድና፣ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ከኩሬው ታጥቦ ያደርገዋል። አውቶቡስ ላይ የቦሌ ልጆች ቁርጭምጭሚታችንን አይተው ከየት እንደመጣን ያውቁ ነበር። ሰፈሩን ደግሞ አንድ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ወንዝ ስላልኩ እንዳይገርማችሁ፤ በበጋ ሕፃን ይዘለዋል።

ከወንዙ ወዲህ የኛ ጭቃ ቤቶች ነበሩ። ሾላ ገበያ በርበሬና ጨው የሚነግዱ ጉራጌዎች፣ ልብስ ሰፊ ስልጤዎች፣ ከወሎና ከጎጃም መጥተው በዘበኝነትና በተላላኪነት የተቀጠሩ ሰዎች፣ ባሎቻቸው ጦር ሜዳ የሆኑ የወታደር ሚስቶች። አባቴም አውሮፕላን ማረፊያው ሲሠራ ድንጋይ ሊሸከም ከመንዝ መጥቶ እዚያው የቀረ ነው፤ እኔ ትምህርቴን ሳልጨርስ ሞተ። ከወንዙ ወዲያ ከሁላችንም በፊት የነበሩት ኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍና ሽምብራ ይዘራሉ። የምንጠጣው ምንጭ በነሱ ማሳ ሥር ነው። እድራችን ግን አንድ ነበር። ድንኳኑ ከወንዙ ወዲህ ይቀመጣል፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ከወንዙ ወዲያ፤ አንዱ ወገን ያለ ሌላው ሬሳ መቅበር አይችልም። አዛውንቶቹ ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት።

ያንን ሁሉ ሰው ነው ደላላው ጅብ ያደረገው።

ደርግ ሲመጣ ወዲህኛው ቀበሌ፣ ወዲያኛው የገበሬ ማኅበር ተባለ። ሕፃን የሚዘለው ወንዝ ድንበር ሆነና ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ማኅተም፣ ሁለት እስር ቤት ተተከለበት። የኛ ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ጋባዥ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ እናቴ ስንት ጊዜ አብልታዋለች። ሽጉጥ ሲታጠቅ አንገቱ ወፈረ። ሰላምታችንን እንኳ በአገጩ ነበር የሚቀበለው።

አሁን የሁለቱን ልጆች ነገር ልናገር። ወንድሜ የተወለደ ሰሞን ከወንዙ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችንም ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ሴትዮዋ በአራስነታቸው ክፉኛ ታመሙ፤ ወተታቸው ደረቀ። እናቴ የሳቸውን ልጅ ወደኛ አምጥታ ሁለቱን ግራና ቀኝ ይዛ አጠባቻቸው። ሴትዮዋ ሲድኑ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ወንድሜ እንዲጠባ ሰጡት፤ በአገሩ ወግ እሱም የሳቸው የጡት ልጅ ሆነ። የጡት ልጅ ማለት ቀልድ አይደለም። እንደወለዱት ነው፤ ይዳራል፣ ይወርሳል፣ ይቀብራል። ሁለቱ እናቶች እህትማማች ሆኑ፣ ልጆቹ ደግሞ በመሸባቸው ቤት ያድሩ ጀመር። አንዱን ቤት ብትፈልጉት ሌላው ቤት ታገኙታላችሁ። እኔ ለሁለቱም እትዬ ነበርኩ፤ ሁለቱም ልብሳቸውን አሳጥበውኛል፣ ሁለቱንም ገርፌያቸዋለሁ።

ልጆቹ ጎረምሳ ሲሆኑ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ወዲያው የቤተሰብ ምዝገባ መጣ። ለቀበሌው ሱቅ ነው፣ ስኳርና ሳሙና በሰው ቁጥር ይከፋፈላል አሉን። ሕዝቡ ግን ሞኝ አልነበረም። የተቆጠረ ወንድ ልጅ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ያኔ ሁለቱ እናቶች ተማከሩ። የኛዋ ለቀበሌው "ልጄ ማዶ የጡት እናቱ ጋ ነው የሚኖረው" አለች። የማዶዋም ለገበሬ ማኅበሩ "ልጄ ከተማ የጡት እናቱ ጋ ነው" አሉ። መዝጋቢዎቹ ወጉን ስለሚያውቁ አልተጠራጠሩም። ማንኛዋም የሌላዋን ልጅ ቤቴ አለ ብላ አላስጻፈችም። እንዲህ ሆኖ ሁለት እናት ያላቸው ልጆች የትም የማይኖሩ ሆኑ።

እናቴ በብልሃቷ ስትኮራ ነበር። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ትለን ነበር ስኳር አልባ ሻይዋን እየጠጣች። ባላው ሁለትም አንድም እንዳልነበረ ማን ነገራት።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ የማዶ እናቱን እሸት ሽምብራ ተሸክሞ ሊሸጥላቸው ሾላ ገበያ ሄደ። ገበያው ተከበበ። አፈሳ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ያለው እያሳየ ወጣ፤ ወንድሜ ምን ያሳይ? ሽምብራውን ነው ያሳየው አሉ፣ የነበሩት ሰዎች። እስከዛሬ ይሄ ያንገበግበኛል።

እኔና እናቴ የታፈሱት የታጎሩበት ግቢ እየሮጥን ደረስን። በሩ ላይ የቆመው የመቶ አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም። "የመበለት አንድ ወንድ ልጅ ነው? የቀበሌሽ ሊቀመንበር ይምጣና ነዋሪያችን ነው ብሎ ይመስክር። ነገ ጠዋት ሳንንቀሳቀስ ከደረሰ ልጅሽን ትወስጃለሽ" አላት። እናቴ መሬት ስማ ተነሳች። ወንድሜን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። "እትዬ፣ ጆንያው እዚያው ቀርቷል፣ ለማዶዋ እናቴ ንገሪያት" አለኝ። ያሳሰበው የሽምብራው ጆንያ ነበር።

ሊቀመንበሩ ጋ ስንደርስ ወንበር እንኳ አላቀረበልንም።

"እማማ፣ በገዛ አፍዎ ልጄ ማዶ ነው የሚኖረው ብለዋል" አላት።

"ዋሽቼ ነው ጓድ ሊቀመንበር። ልጄን ፈርቼለት ነው። እርስዎም ያውቁታል፣ በእጅዎ አቅፈውታል።" አብልታ ያሳደረችውን ሰው እርስዎ ስትለው ሰማሁ።

"አውቀዋለሁ። እመሰክርለታለሁም" አላት። ከዚያ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ "ከርስዎ ቤት ግን ሁለት ጎረምሳ ሲወጣ ሲገባ አያለሁ። አንዱ የርስዎ ነው። ሁለተኛው የማን ነው? የት ነው የሚያድረው? ከኮታችን አንድ ሰው ጎድሎናል። እሱን ይንገሩኝና ነገ በማለዳ ሄጄ ልጅዎን አስፈታለሁ" አላት።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። የሚያድረው የት እንደነበረ እሷም እኔም እናውቃለን፤ በዚያች ደቂቃ እኛው ጓዳ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና "አላውቅም" ብላ ወጣች።

እኔ እሷን ተከትዬ እየጮህኩ ነበር። የገበሬ ማኅበሩም ጋ ሄድን፤ ያኛው ሊቀመንበር "የከተማ ሰው ነው፣ አይመለከተንም" ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋው። ስንመለስ የማዶዋ ሴትዮ ደጃችን ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁን። ወሬው ደርሷቸዋል፤ ተከትለውን ገቡ።

"እኔ ልሂድና ልንገረው" አሉ። "የኔን ይውሰዱ፣ ያንቺን ይመልሱ። እኔ ሌሎች ልጆች አሉኝ፤ ያንቺ ወንድ ልጅ አንድ ነው። ዋቃ ያውቃል፣ ቅር አይለኝም።"

እናቴ "የኔና ያንቺ የምትይው ማንኛውን ነው?" አለቻቸው። "ሁለቱንም ያጠባሁ እኔ ነኝ። አንዱን ወሰዱብኝ። ሁለተኛውን በእጄ አልሰጥም።"

"እኔ እሰጠዋለሁ" አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ። ልጁ ጓዳ ሆኖ ይሰማኛል። ነጠላዬን ለብሼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ እናቴ ቀድማኝ በሩ ላይ ቆመች። ቁመቷ ከትከሻዬ አይበልጥም፤ ገፍቼ ማለፍ እችል ነበር። እጄን ያዘችና "እሱን ሰጥተሽ ወንድምሽን ብታመጪው፣ ወንድምሽ ምን ይልሻል?" አለችኝ። ከበሩ ተመለስኩ። ግን ዛሬም አልተስማማሁም። እናቴ ያደረገችው ጽድቅ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ለዚህ ጽድቅ ያበቃን ማን ሆነና? ሁለት እናቶችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ከልጆቻችሁ አንዱን ምረጡ የሚል መንግሥት ነው የረገምኩት፤ እስክሞትም እረግመዋለሁ። እናቴን ግን ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በማግስቱ የጦሩ አይፋ የጭነት መኪኖች ልጆቹን ጭነው፣ ሸራቸውን ለብሰው ሄዱ። ወንድሜን የሰሜን ግንባር አየሁት ያለ አንድ ሰው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላየውም።

የሌሎች ልጆች ሲሞቱ ወሬው በቀበሌው በኩል ይመጣል፤ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው ያረዳሉ፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ከዚህ ድስቱ ከማዶ ይወጣል። የሱን መርዶ ግን የቱ ቀበሌ ያምጣው? ያልተመዘገበ ሰው አይሞትም። የእድሩ ዳኛ "መሞቱ ሳይታወቅ ድንኳን አይተከልም" አሉ፤ ደንቡ ነው፣ ልክ ናቸው። እናቴ ጥቁር ሳትለብስ፣ ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሁሉ በየመንገዱ ለማኝ ሆኖ ሲገባ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየች ኖረች። አንዳንዶቹን ቤት አምጥታ አብልታለች። የእያንዳንዱን ቀበሌ ትጠይቅ ነበር።

እሷ ስትሞት ሬሳዋን ከተሸከሙት ፊተኛው፣ አፈር ሲለብስ አካፋውን ለሰው አልሰጥም ያለው፣ ጓዳችን የተደበቀው ልጅ ነው። ልጅ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆሞ አልቅሷል። እኔ ያን ቀን እንኳ ፊቱን ማየት አልሆነልኝም። ምን አጠፋ? ምንም። ግን ባየሁት ቁጥር የጎደለው ነው የሚታየኝ፣ ስለዚህ ራቅሁት። ከዚያ እኛም ተነሳን፣ ማዶም ማሳው ለሕንፃ ተባለ፣ ወንዙ በቱቦ ተቀበረ፣ ሰዉ እንደ ዶሮዎቻችን ተበታተነ። እድሩ እንኳ ፈረሰ፤ ድስቶቹ የት እንደደረሱ አላውቅም።

ደላላው ወደ አንዱ ሕንፃ በር ወሰደኝ። እንዳየሁት የማዶዋ ሴትዮ የሽምብራ ማሳ ላይ ነው የቆመው። ደላላው በሩን በእጁ ደበደበ። "ዘበኛው ቀርፋፋ ነው፣ ማዘር፣ ይታገሡ" አለኝ።

በሩ ተከፈተ። ካፖርት የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ብቅ አለ። ደላላውን አላየውም። እኔን አየ፣ ቆቡን አወለቀ።

"እትዬ" አለኝ።

በዚህ ስም የሚጠራኝ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ይሄኛው ጓዳችን የተደበቀው ነው። እጁን ሳብ አድርጌ አቀፍኩት፤ ትከሻው ቀጥኗል። የልጄን ቤት ረሳሁት።

ደላላው ቁልፉን እያንቃጨለ "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አለ።

"ወንድሜ ነው" አልኩት።

"እንዴ! የትና መቼ ተጠፋፋችሁ?"

"እዚሁ" አልኩት። "ሰው ባልነበረበት ጊዜ።"