ፊኛው ቆሞ ሳለ በር አይከፈትም

የእህቴ ቤት ሙቀት ስለሚገድለኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልናገር፤ የባሏ ነው። ሰውዬው ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ መስኮት ይዘጋል። እህቴ ትከፍታለች፣ እሱ ይዘጋል። ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ ኖረዋል። እኔ አብሬያቸው መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከእህቴ ወገን ሆኜ ስከፍት ብከርምም፣ ሁለት ለአንድ ሆነንም አላሸነፍነው።

ሥራው ስስ ፕላስቲክ መንፋት ነው፤ ዳቦ የሚጠቀለልበትን። ፕላስቲኩ ይቀልጥና ከማሽኑ አፍ በቱቦ መልክ ሲወጣ አየር ይነፋበታል። እስከ ጣሪያው የሚደርስ ረጅም ፊኛ ሆኖ ይቆምና እየበረደ ወደ ላይ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ተጨፍልቆ ይጠቀለላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ግን ስስ ነገር አመሉ ብዙ ነው። ቀስ ብሎ ከበረደ ይደፈርስና ዳቦው አይታይም፤ ዳቦ ቤቱም ይመልሰዋል። ከወፈረ አልታሸግ ይላል፤ ከሳሳ ይቀደዳል። ከሁሉ የሚጠላው ደግሞ ነፋስ ነው። አንዱን ጎን ነፋስ ከነካው ያ ጎን ቶሎ ይበርድና እንደወፈረ ይቀራል፤ ሌላው ጎን የእሱንም ድርሻ ተለጥጦ ይሳሳል። ፊኛው ያኔ እንደ ሰካራም ማዘንበል ይጀምራል። ስለዚህ ፊኛው ቆሞ ሳለ በር አይከፈትም፣ መስኮትም አይከፈትም፤ ሰዎቹ ከቀለጠ ፕላስቲክ አጠገብ ተዘግቶባቸው ይውላሉ።

በር ሲንቀሳቀስ ሲያይ ገና ከሩቅ «ዝጉት!» ብሎ ስለሚጮህ የፋብሪካው ሠራተኞች «ጋሽ ዝጉት» ይሉታል። በሩን የከፈተ ይባረራል የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈው ራሱ ነው። እሱ ከስሶት የተባረረ ጫኝና አውራጅም አለ። ያን ነገር ሲያነሱበት ወደ ማሽኑ ይዞራል።

ስሱ ፕላስቲክ ሲጠቀለል ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ብጥስጣሹ ሱሪው ላይ ተለጥፎ አብሮት ቤት ይገባል። እህቴ «ዛሬም እንግዳ ይዘህ መጣህ» እያለች ትለቅምለታለች። ልታራግፈው ስትል እሷ እጅ ላይ ይለጠፋል።

አሁን አሁን ግን ደረቱ እምቢ አለው። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ይቆምና አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ይመስላል፤ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። ሐኪሙ ከዚያ ክፍል ካልወጣህ መድኃኒቱ ዋጋ የለውም አለው። ሥራ አስኪያጁም ክፉ ሰው አይደለም፤ ማሽኑን ብቻውን የሚይዝ ሰው አስተምር፣ ያን ቀን ወደ ግቢው በር አዛውርሃለሁ፣ አየር እየሳብክ ትቀመጣለህ ብሎ ቃል ገባለት። እህቴ ያን በር ጸለየችበት ማለት ይቻላል።

ችግሩ ማስተማሩ ላይ ነበር። ሁለት ሰዎች ተሰጥተውት ሁለቱም ጥለው ሄዱ። ፊኛው ትንሽ ከተወዛወዘ እሱ እጃቸውን ገፍትሮ መቆጣጠሪያውን ይነጥቃቸዋላ! እህቴ ተናዳ አንተ ነህ መውጣት ያልፈለግከው አለችው። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አላት። እኔ ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር።

ሦስተኛዋ ከማሸጊያ ክፍል የመጣች፣ በድምፅዋ ምክንያት ጎርናና የሚሏት ሴት ናት። የልጆች እናት ናት፤ ሲገፈትራት መልሳ ገፈተረችው። ከዚያ በኋላ ተስማሙ። ስሱን በሁለት ጣት እያሸ ውፍረቱን እንዴት እንደሚያውቅ፣ ፊኛው በርዶ የሚጠነክርበት ቦታ ከፍ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉን አሳያት።

የፈተናው ቀን ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ቆመ። ጋሽ ዝጉትን አንተ ውጣ አለው፤ ካልወጣህ እጅህ አያርፍም። ወጣና አጠገቡ ወዳለው መጋዘን ገባ። ግን የማሽኑ ድምፅ እንዳይርቀው ብሎ የመሃሉን በር ገርበብ አድርጎ ተወው።

መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ቆመ። የሚይዘው ነገር የለም፣ የሚጮህበት ሰው የለም። ደረቱ ተጨነቀ። ፊት ለፊቱ ወደ ግቢው የሚያስወጣው የመጫኛ በር ነበር። ከፈተው። ደጁ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ አየር ሳበ።

የመሃሉ በር ትዝ ያለው ጩኸቱን ሲሰማ ነው። ነፋሱ በሁለቱ በሮች ሰተት ብሎ ገብቶ ፊኛውን አዘነበለው፤ የሳሳው ጎን ተቀደደና ሁሉም ነገር ማሽኑ ላይ ተዝረከረከ። ሲደርስ ጎርናና የተቀደደውን ትሰበስባለች። ሥራ አስኪያጁ ወደ ማሸጊያሽ ተመለሺ ብሏታል። እሷም ምን እንዳጠፋች አላወቀችም። ይህን ሁሉ፣ መጋዘኑ ውስጥ የሆነውንም ከእሱ ሰምታ፣ በኋላ ቤት መጥታ የነገረችን እሷ ናት።

ጋሽ ዝጉት ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። እሷ ወደ ማሸጊያዋ፣ እሱም ወደ ማሽኑ ይመለሳሉ። ቢናገር ደግሞ ግድግዳው ላይ ያስለጠፈው ነገር አለ፤ የግቢውም በር፣ ሥራውም ሊቀር ይችላል።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። «እሷ ጥፋት የለባትም።»

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ አላመነውም። «አንተ? ለምን?»

«ደከመኝ። አየር አማረኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያውን አየት አደረገ፤ ስንቱን ከስሰህበታል፣ ታውቃለህ አይደል ብሎ ጠየቀው። አውቃለሁ አለ። ከዚያ በሮቹ ተዘግተው ጎርናና እንደገና እንድትጀምር ታዘዘች። ፊኛው ቆመ፣ እሱም ከጥግ ሆኖ እጁን ብብቱ ውስጥ ቀርቅሮ አየ። ጥቅሉ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ከነገ ጀምሮ ግቢው በር ላይ ነህ ብሎት ሄደ። አዝኖለት ይሁን እሱም ደክሞት አላውቅም።

በማግስቱ ከበሩ ሥራ ሲመለስ እህቴ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ሱሪውን አየች። የተለጠፈ ነገር የለም። እሱ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ሄዶ መስኮቱን ዘጋ።

«ዛሬም?» አለችው።

እጁን መዝጊያው ላይ እንዳደረገ ቆየ። «ነፋስ ከገባ የሆነ ነገር የሚቀደድ ይመስለኛል።»

«እዚህ ቤት የሚቀደድ ነገር የለም። ክፈተው።»

«አንቺ ክፈቺው» ብሎ ሄዶ ተቀመጠ።

እህቴ ከፈተችው። መጋረጃው በተነቃነቀ ቁጥር የሰውዬው እጅ ብድግ ይላል፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ ያሳርፈዋል። እኔም ሙቀቱን ረስቼ እጁን ሳይ አመሸሁ።