ጉብታና እማዬ

ኦምዱርማን መግቢያ ያለው ጉብታ የመኪናዬን ሆድ ሲጥጥ አድርጎ ሲፍቀው፣ አባዬ ትዝ አለኝ። ሥራም ገበያም የምሄደው በዚህች ቂጠ ቆራጣ ስፖርት መኪና ነው። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ከነቦርጬ ስወጣ አቃስታለሁ።

የአባዬም መኪና እንዲሁ መሬት ለመሬት ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጉብታ ባየ ቁጥር፣ "ያላ፣ ቶሎ ውረዱ!" ይለናል። እማዬ በነጭ ነጠላዋ አቧራውን እየረገጠች፣ "እኔን ነው ያገባኸው ወይስ እሷን?" ትለዋለች። እኔ ልጅ ነበርኩና ሌላ ሴት ፍለጋ ዞር ዞር እላለሁ።

"ሳድግ ጉብታ ላይ የማትወርጂለት መኪና እገዛለሁ" ብያት ነበር።

ዛሬ ጉልበቷን አሟት ሐኪም ጋ እየወሰድኳት ነው። ሁለተኛው ጉብታ ጋ ስደርስ ቆምኩ። አፌን ሳልከፍት ቀበቶዋን ፈታች።

"ማዶ እጠብቅሃለሁ" አለች። "ደግሞ እንደ አባትህ ረስተኸኝ እንዳትሄድ!"