ከመቂ ያልተመለሰው ዘፈን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ዘፋኝ የቀረጸውን ድምፅ እንዳጸዳለት ወደ ስቱዲዮዬ ሲመጣ ከፍላሹ ጋር አንድ ወረቀት ይዞ ነበር። "ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት፤ ጠበቃዬ ሳታስፈርም እንዳትሰጥ ብሎኝ ነው" አለኝ። ሥራው ሳይወጣ ከእጄ ቢያፈተልክ በሕግ እጠየቃለሁ ይላል ወረቀቱ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ የተሳሳተ የአንቀጽ ቁጥር አረምኩና ፈረምኩ። ጋሼ መባሉ ትንሽ አስደንግጦኛል፤ ገና ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

በሃያ ዓመቴ የምሠራው አዳማ መናኸሪያ አጠገብ፣ እትዬ ዘነበች ሙዚቃ ቤት ነበር። ቤቱ ባለቤታቸው ካሴት ይሸጡበት የነበረ ነው፤ እሳቸው ሲያርፉ የካሴትም ዘመን አብሮ አልፎ ነበርና ለእትዬ የቀረላቸው መደርደሪያውና የንግድ ፈቃዱ ብቻ ነው። እኔ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ኮምፒውተር በራሴ እየነካካሁ የተማርኩ ልጅ ነበርኩ። እትዬ ምንም የምስክር ወረቀት ሳይጠይቁኝ አስገቡኝ።

ሥራችን ዘፈን መጫን ነው። የአይሱዙ ሾፌሮች፣ ባለባጃጆች፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ፋብሪካ የሚመጡ ልጃገረዶች ሜሞሪ ካርዳቸውን ይሰጡኛል፤ እኔ ከቴሌግራም ቻናሎች ያወረድኩትን እሞላላቸዋለሁ። ዘፈኑ የማን ነው፣ ማን ፈቀደ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ በበኩሌ የዘፋኙን ስም አስተካክዬ እጽፋለሁ፣ የዘፈኖቹን ተራ እጠብቃለሁ፣ የተቆረጠ ካለ ሙሉውን ፈልጌ እተካለሁ። እንደዚያ ስጠነቀቅ ሌብነት የምሠራ አይመስለኝም ነበር። ሰው የሰረቀውን ዕቃ አጥቦና አጣጥፎ ሲያስቀምጥ የራሱ እየመሰለው ይሄዳል።

ገመቹ የመጣው በሚያዝያ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ በየበሩ በሚበትንበት ሰሞን ነው። የባቱ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም በየሠርጉ ይዘፍናል። ለእትዬ የእህት ልጅ ያህል ነበር፤ ልጅ ሳለ ባለቤታቸው ካሴት በነጻ ይሰጡት ነበር። ለዓመታት የለፋበት የመጀመሪያ አልበሙ ተጠናቆ አንድ አሳታሚ ከፋሲካ በኋላ ሊያወጣለት ተስማምቷል።

"አካም፣ ሳሚ!" አለኝ ፍላሹን ከደረት ኪሱ እያወጣ። "ጆሮህን አምነዋለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ዘፈን ያምራል። አይሱዙ ውስጥ ካላማረ ግን አላማረም፤ ሕዝቡ ያለው እዚያ ነው። ለቅዳሜ ስመለስ አብረን መኪና ውስጥ እንሰማዋለን። እስከዚያ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።"

እኔ መልስ ሳልሰጥ እትዬ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው፣ "በእኔ ይሁንብህ ልጄ" አሉት። ገመቹ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመና ወጣ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በእኔ ይሁንብህ ካለ ሌላ ውል አይጠየቅም።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰማሁት። አራተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ፣ ክራሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ስቱዲዮ የቀረጹት ሰዎች አላስተዋሉትም። ሳልጠየቅ ቆርጬ አወጣሁት፤ ቅዳሜ ሲሰማው ይደነቃል ብዬ።

ቅዳሜን መጠበቅ ግን አቃተኝ። ሐሙስ ጠዋት አልበሙን በአንድ ሜሞሪ ካርድ ገልብጬ፣ ሽንኩርት ሊጭን ወደ መቂ ከሚወርደው የአይሱዙ ሾፌር ደንበኛችን ከሸዋንግዛው ጋር ጋቢና ገባሁ። ሞጆን አልፈን ቆቃ ስንደርስ የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ በላን፤ ከዚያ መስኮቱን ዘግተን ከፈትነው። የአራተኛው ዘፈን ወፍራም ድምፅ የበሩን ላሜራ ያንቀጠቅጠው ነበር። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ማስታወሻ ያዝኩ።

"ይሄ ልጅ ዘፈን አይሰማም እኮ፣ ይመረምራል!" አለ ሸዋንግዛው። "ደም ግፊቱ ስንት ሆነ ዶክተር?"

"መኪናው ባዶ ስለሆነ ይሆናል" አልኩ። "ተጭኖ ቢሆን ላሜራው እንዲህ አይጮህም።"

"እንግዲያው ካርዱን ተውልኝና ጭኜ ስመለስ ልንገርህ።"

ከሰዓት ሱቅ ለመክፈት ከቆቃ መመለስ ነበረብኝ። አንድ አፍታ አሰብኩ፤ ያሰብኩት ስለ ገመቹ ቃል ሳይሆን ስለ ላሜራው ነው። ካርዱን ተውኩለት። ለማንም እንዳይሰጥ ነገርኩት። ዓርብ ጠዋት ካርዱን በሰዓቱ መለሰልኝ፤ "ሲጫን አይጮህም፣ ልክ ነህ" አለኝ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ገመቹ ገባ። ሰላምታ አልሰጠም። በሩ ላይ ቆሞ፣ "የመጣሁበት ባጃጅ ውስጥ ድምፄን ሰማሁት" አለ። እትዬ ነገሩ አልገባቸውም፤ "እሰየው!" አሉት። ገመቹ መሬት ላይ ቁጢጥ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ሸዋንግዛውን ለብቻው አግኝቼ ስጠይቀው አልደበቀኝም። "ሽንኩርቱ ሲጫን ከፍቼው ነበር። ደላሎቹ ወደዱት፤ ላክልን አሉኝ፣ ላክሁላቸው። ምን አለበት፣ ዘፈን አይደል?" መቂ ላይ ከስልክ ወደ ስልክ አለፈ፤ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ነበር። ገመቹ ለየቻናሉ ባለቤት እየጻፈ ለመነ። አንዱ ሲያጠፋው ሦስቱ ይለጥፉታል። አንዱማ፣ "ብራዘር፣ እያስተዋወቅንህ ነው፣ አመስግነን እንጂ" ብሎ መለሰለት። አሳታሚው በነጻ የተበተነ ሥራ አላወጣም ብሎ ውሉን ተወ።

ገመቹ ለፖሊስ ሲያመለክት ማን እንደበተነው አያውቅም ነበር። ግን ፖሊስ ሲያነጻጽር፣ የተበተነው አልበም አራተኛ ዘፈን ላይ የወንበሩ ድምፅ የለም። የስቱዲዮው ዋና ቅጂ ላይ አለ። የወንበሩ ድምፅ የሌለበት ቅጂ የተገኘው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ በእኛ። ቻናሎቹ የሚንኳኳ በር የላቸውም። የእትዬ ቤት ግን በርም፣ ፈቃድም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስምም ነበረው።

መርማሪው ሲጠይቀኝ ድምፁን ያጸዳሁት እኔ መሆኔን አመንኩ። ከቤት ማን አወጣው ሲለኝ አላውቅም አልኩ። ቀጥዬም፣ "ምሳ ስወጣ ቤቱን የሚጠብቁት እትዬ ናቸው" አልኩ። ይህ እውነት ነበር። በሕይወቴ ከዚያ እውነት የከፋ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።

የቤቱ ባለቤት ተብለው የተከሰሱት እትዬ ሆኑ። ችሎቱ የሚካሄደው በኦሮምኛ ነው፤ ለእትዬ አስተርጓሚ ቆሞላቸዋል። እኔ ሁለቱንም ስለምሰማ እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ደረሰኝ። እትዬ የጠቆረ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳኛውን ቀና ብለው እያዩ፣ "ኮምፒውተሩን ማብራት እንኳን አላውቅም" አሉ። "ግን በእኔ ይሁንብህ ያልኩት እኔ ነኝ።" አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። ገመቹ ወደ እሳቸው ማየት አልቻለም። ስምንት ወር ፈረዱባቸው። ሲፈቱ ሱቁ ተከራይቶ ሻንጣ ይሸጥበት ነበር።

ወረቀቱን በፈረምኩ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እህታቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አላቸው። በር ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። ቆሜ ተናገርኩ።

"እትዬ፣ ዘፈኑን ለሸዋንግዛው የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

ከሰፌዱ ቀና አላሉም። "አውቃለሁ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል? እኔ ያንን ዕቃ አልነካም፤ ከእኔ ሌላ ቤቱ ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ።" ጠጠር አንስተው ወረወሩ። "በየቀጠሮው አይህ ነበር። አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል እላለሁ። የመጨረሻው ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ መጣህ፤ ዛሬስ ሊናገር ነው አልኩ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ገመቹን ጠይቀኸዋል?"

"አልጠየቅሁትም።"

"እንግዲያው ምን ልትሠራ ወደ እኔ መጣህ?" አሉና ሰፌዱን አራገፉ።

ቀጠሮዎቹ አራት ነበሩ። ሁለቱ ማክሰኞ፣ አንዱ ረቡዕ፣ የመጨረሻው ዓርብ። ከግራ በኩል ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር፤ እሳቸው ወደ ኋላ ሲዞሩ በቀጥታ የሚያዩት ያንን ቦታ መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው። ሰው ሲሰማኝ ፍርድ ቤቱ ተሳስቷል ይል ይሆናል። ፍርድ ቤቱ በቀረበለት ነገር ፈረደ፤ ያላቀረብኩት እኔ ነኝ።

ገመቹ ባቱ የአትክልት እርሻ ውስጥ ቲማቲም ሲለይ ይውላል፤ በሠርግም አይዘፍንም ይላሉ። ይህን የምጽፈው ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ነው። ተመልሼ ብጽፈው፣ ይቅር ቢለኝም ቢረግመኝም፣ ታሪኩ እኔ በተገላገልኩበት ቦታ ያልቅ ነበር። ያለቀው ግን እዚያ አይደለም። እትዬ ዘነበች ስምንት ወር ታስረዋል።