«ሃሎ» ያለ ሁሉ የሞተበት ፊልም

ርእሱን እስከ ዛሬ የማላውቀው አንድ ፊልም በሕይወቴ ውስጥ ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ያየሁት ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሌ በነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። የካሴቱ ሽፋን ጠፍቶ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውም ወረቀት ተፍቆ ስለ ነበር፣ ሰው ሁሉ «የስልኩ ፊልም» ብቻ ይለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠየቅሁት ሁሉ አላየሁትም፣ ሰምቼውም አላውቅም ይለኛል። ስለ ራሴ መናገር ልማዴ አይደለም። ዝምታን የተማርሁት ንግግር ሰውን ውድ ዋጋ ያስከፍል በነበረበት ዘመን ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ትምህርቱ አብሮኝ ቀረ። ይህንንም የምጽፈው ስለ ፊልሙ እንጂ ስለ እኔ አይደለም ብዬ ራሴን ካሳመንሁ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ ወደ አርባ ተጠግቶ ሚስት አልነበረኝም። ክብረ መንግሥት የምታስተምር አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት ግን ነበረች። በፈተና እርማት ላይ አብረን ተመድበን፣ እኔ ጥቂት ቃል ተናግሬ፣ የቀረውን እርሷ ተናግራ፣ ተግባብተን ነበር። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አስተናግደው፣ «መልሴን ሰኞ ረፋድ ላይ ለራሱ በስልክ እነግረዋለሁ፤ ድምፁንም ልስማው» ብለው ሸኟቸው። እኔ ስልክ አልነበረኝም። የተሰጣቸው ቁጥር ቤት ያከራዩኝ የሐጂ ሱቅ ቁጥር ነበር።

ሐጂ ስኳርና ሽርጥ የሚነግዱ፣ በሁለት ቋንቋ ዋጋ የሚከራከሩ፣ በአንዱ ሲሸነፉ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ሰው ነበሩ። ስልካቸው ጥቁር ነው፤ ሲጠራ መንገዱን ተሻግሮ ልብስ ሰፊው ዘንድ ይሰማል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰኞን ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልሆንልህ ቢለኝ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ገባሁ። ሐጂን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊልም የሰነፍ ነው የሚሉ ሰው ስለ ነበሩ ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ቤቱን የማከራየው እኔ ነኝ» አሉኝ። «ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት።»

ከተማው ዝናብ ካየ ወራት አልፎ ነበር። ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

ፊልሙን የሚተረጉመው ሰው ቀድሞ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ፣ እንግሊዝኛውንም ከሞያሌ ወዲያ ማዶ የለቀመ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ አንዱን በኦሮምኛ፣ አንዱን በአማርኛ ያሰማል። አንድ ልማድ ነበረው፤ የፊልሙን ሰዎች ሁሉ ያዛምዳቸዋል። ወንድ ያለ ዝምድና ወደ ሴት ቤት ሲገባ ተመልካቹ ስለሚያጉረመርም፣ መርማሪው የሟቹ ሚስት አጎት ሆነ፤ ሐኪሙ የአክስቷ ልጅ ሆነ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አልተናገርሁም።

ታሪኩ ቀላል ነው። በአንድ የፈረንጅ ከተማ የቤት ስልክ ይጠራል። ባለቤቱ ያነሣና «ሃሎ» ይላል፤ መልስ የለም። «ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ?» ይላል። ከዚያ ፊቱ ይገረጣል፣ እጀታው ከእጁ ይወድቃል፣ ሰውዬውም ይከተለዋል። ጸጉር አስተካካዩ እንዲህ ሞተ፤ ዳኛው እንዲህ ሞተ። ደዋዩ ማን እንደሆነ፣ ሰዎቹንም ምን እንደሚገድላቸው የሚያውቅ የለም። መርማሪው ግን ደረሰበት። የደዋዩን ስም ለመናገር ወደ መጀመሪያው ሟች ሚስት ቤት እየሮጠ ሳለ የእርሷ ስልክ ጠራ። እጇ ወደ እጀታው ሄደ። በሩ ተበረገደ፣ መርማሪው አፉን ከፈተ፤ በዚያች ቅጽበት የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ ካሴቱን በላው።

ክሩን በእርሳስ እያጠነጠኑ ሊያወጡት ቢሞክሩ ተቆራርጦ እንደ በግ አንጀት ወጣ። ሕዝቡ አልጮኸም፤ ከአግዳሚውም አልተነሣም፤ ከጩኸት የሚከፋው ይህ ነው። ተርጓሚው መጨረሻውን ከራሱ ፈጥሮ ሊነግር ሲጀምር ከኋላ አንድ ሰው «አንተ አጎቷ ነው ትለን የለም እንዴ? ታዲያ ሄደህ ጠይቀው» አለው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሐጂ የስልኩን ሽቦ ቀና እያሉ ያዩ ነበር።

«ደዋዩ ማን ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አላውቅም፣ ሐጂ።»

«ፊዚክስ ተምረሃል።»

«ፊዚክስ ይህን አያስተምርም።»

«ታዲያ ምን ያስተምራል?» አሉና ቀደሙኝ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሱቁ ደረስሁ። ስልኩ ባንኮኒው ላይ የለም። ሐጂ ስልኩን ባዶ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ከተውት፣ በላዩ የጨው ከረጢት ጭነውበታል። ሲጋራ ሊገዛ የመጣው ተርጓሚና ከሊበን ገጠር በእግሯ ወተት ይዛ የመጣች እናት ከካርቶኑ ራቅ ብለው ቆመዋል። ወሬው ገጠር ደርሷል።

«ሐጂ፣ ዛሬ ጥሪ እጠብቃለሁ» አልሁ።

«ይጥራ። አልከለከልሁህም።»

«በጨው ከረጢት ሥር እንዴት አነሣዋለሁ?»

«መምህር፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» አሉ።

ያን ጊዜ ስልኩ ከካርቶኑ ውስጥ ጠራ። ድምፁ ታፍኖ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ያለ ነበር። በፊልሙ ከሰማነው የባሰ ነበር እንጂ የተሻለ አልነበረም። ከረጢቱን አነሣሁ፤ ካርቶኑን ከፈትሁ። ለተማሪዎቼ ስልክ እንዴት እንደሚሠራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ የማስረዳ ሰው፣ እጄ ከእጀታው አንድ ስንዝር ላይ ደርሶ ቆመ። ድምፅ በሽቦ ላይ እንዴት እንደሚጓዝ በልቤ ደገምሁት። እጄ አልሰማኝም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

«ተረፍህ» አለኝ ተርጓሚው።

አልተረፍሁም። የልጅቱ አባት ኩሩ ናቸው፤ በቀጠሩት ሰዓት ደውለው ካጡኝ ልጃቸውን አይሰጡኝም። ከላክኋቸው ሽማግሌዎች በቀር ጉዳዩን ለማንም አልተናገርሁም ነበርና፣ ያን ዕለት በሱቁ መካከል ተናገርሁት። «የሚደውለው የማጫት ልጅ አባት ነው። መልሱ ዛሬ ነው» አልሁ።

ሐጂ ከጨው ከረጢቱ ላይ ተቀመጡ። «ይህን ቀድመህ አትናገርም?» አሉ። «ስማኝ እንግዲህ፤ ከቅዳሜ ጀምሬ ሳስበው ነበር። እነዚያ ፈረንጆች የሞቱት በስልኩ አይደለም። ሰው ከሩቅ ሲጠራቸው ናጋ ነው ወይ፣ ሰላም ነው ወይ አይሉ፣ ቤተሰብ አይጠይቁ፤ ‹ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ?› ይላሉ። እንዲህ ተብሎ የማይገድል አለ?»

«ከብቱን እንኳ አልጠየቁትም?» አለች ወተት ሻጯ።

«አልጠየቁትም።»

«በራሳቸው ያመጡት ነው» አለች።

«ናጋ የተባለ ደግሞ ናጋ ሳይል ክፉ ማድረግ አይችልም» አሉ ሐጂ። «ወግ ነው። ሰይጣንም ቢሆን በእኛ አገር እስከደወለ ድረስ መመለስ አለበት። ሳትጨርስ ብቻ እንዳታቆም።»

«ሃሎ ደግሞ እንዳይሉ፣ መምህር» ሲል ጨመረ ተርጓሚው።

ስልኩ እንደገና ጠራ። አነሣሁት። ሃሎ አላልሁም።

«አካም? ናጋ?» አልሁ። ማዶ ዝምታ ሆነ። ዝምታው የፊልሙን ዝምታ ስለ መሰለኝ አላቆምሁም። «ቤተሰቡ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ሎን ናጋ? ከብቶቹ ደኅና ናቸው? ጥጆቹስ? ሣሩ እንዴት ነው? ውኃ አለ? ጉድጓዱ አልደረቀም? ጎረቤት ናጋ? አገሩ ናጋ?» ሐጂ እጃቸውን እያወዛወዙ ቀጥል ይሉኛል፤ ወተት ሻጯ የዘለልሁትን በሹክሹክታ ታስታውሰኛለች፤ ግመሎቹንም ጠየቅሁ። በዓመት ከምናገረው የበዛ ይመስለኛል።

ማዶ ጉሮሮ ተጠረገ። «ናጋ» አሉ የልጅቱ አባት። «ከብቶቹም ደኅና ናቸው። ግመሎቹም ናጋ።»

በሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ተነፈሰ። አባትየው ዕድሜያቸውን በቢሮ ያሳለፉ፣ አንዲት ድመት ብቻ ያላቸው ሰው ናቸው። ነገር ግን በዚያ አገር ብዙ ኖረዋል፤ ሰላም የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ ሰላም ብሎ እንደሚመልስ፣ ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

«እንግዲህ ስለ ላክኸው ጉዳይ» ሲሉ ቀጠሉ፤ «ልጄ የምትለውን ሰምቻለሁ። የእኔ ሐሳብ ግን…»

መስመሩ ተቋረጠ።

«ልክ እንደ ካሴቱ» አለ ተርጓሚው፣ በአክብሮት።

እስከ ምሳ ጠበቅን፤ አልጠራም። «ግን» የምትለዋ ቃል ሌሊቱን አላስተኛችኝም። በማግሥቱ ወደ ክብረ መንግሥት በሚሄድ አይሱዙ ላይ ስሳፈር ሐጂ አዲስ ሽርጥ አገልድመው ከፍየሎች መካከል ተቀምጠው ቆዩኝ።

«የፊልሙን መጨረሻ አጣሁ» አሉኝ። «የዚህን አላጣም።»

በዋደራ በኩል አቧራ ጠጥተን፣ የሁለታችንም ጢም ቀይ ሆኖ፣ ከአባትየው በር ደረስን። ራሳቸው ከፈቱ፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ከብቶቼን ልታይ መጣህ?» አሉኝ።

ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ። ሐጂ ግን ቀደም ብለው እጃቸውን ዘርግተው «ደኅና ናቸው ሲባል ደስ ብሎን ነው» አሉ። ገባን፣ ታጠብን፣ ተቀመጥን። መምህርቷ ውኃ አቀብላን ከበሩ ጀርባ ቆመች፤ ጥላዋ ይታየኛል።

«እውነቱን ልንገርህ» አሉ አባትየው። «የደወልሁት እንቢ ልልህ ነበር። ልጄ ትፈልግሃለች። ነገር ግን ስለ አንተ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ጥሩ ሰው ነው፣ ብቻ አይናገርም ይለኛል። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ይህ ቤት ዝም ያለ ነው። ከአንድ ዝም ካለ ቤት ወደ ሌላ ዝም ያለ ቤት ልሰዳት አልፈለግሁም። ‹የእኔ ሐሳብ ግን› ብዬ የተቋረጠብኝ ‹ሌላ ነበር፤ ሰላምታህ ለወጠው› ልል ስል ነው። እንኳን ሰው፣ የሌለ ግመል ደኅንነት የሚያሳስበው ሰው ልጄን ምን እንደ ሆነች ሳይጠይቅ አያድርም።»

ሐጂ በደስታ ጉልበታቸውን መቱ። ስለ ፊልሙ ቃል ሊወጣቸው ሲል እግራቸውን ረገጥሁ።

ሚስቴ ተናጋሪ ሰው አገባሁ ብላ እንደ ተታለለች የተረዳችው ከሠርጉ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። «የስልኩ ሰውዬ የት ሄደ?» ትለኝ ነበር፤ አሁንም አንዳንዴ ትለኛለች። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች፤ ለአባቷ ግን አልነገረችም። ልጆቻችን በሞባይላቸው ያን ፊልም ደጋግመው ፈለጉት፤ የሚመስሉትን እንጂ እርሱን አላገኙትም። ሐጂ እስከ ዕለተ ሞታቸው ደዋዩ ማን እንደ ነበር ይጠይቁኝ ነበር።

አባትየው በደወሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚነግሩኝ የከብቶቻቸውን ነገር ነበር። በዝናቡ ዓመት አንዷ ላም ወለደች። በድርቁ ጊዜ ግመሎቹ ከሱ፤ እንዳይሞቱ እኔም እሰጋ ነበር። የሉም የሚል ቃል ከሁለታችን አንድም ጊዜ አልወጣም፤ ሌላ የማንናገረውንም ነገር የምንነጋገረው በእነርሱ በኩል ነበር። «ጥጃዋ አንድ እግሯን ታነክሳለች» ካሉኝ እርሳቸው ታመዋል ማለት ነው፤ ሳምንቱ ሳያልቅ እንሄዳለን።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውሉ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ከሰው ጀምሬ እስከ ጉድጓዱ ጠየቅሁ። ሁሉም ናጋ ነው አሉኝ።

«ከብቶቹን ግን ለአንተ ትቻለሁ» አሉ። «ልጄ ከብት አያያዝ አታውቅም።»

«እጠብቃቸዋለሁ» አልኋቸው፤ ሐጂ ‹ሳትጨርስ እንዳታቆም› ብለው እንዳስተማሩኝም፣ መስመሩ ሳይቋረጥ፣ ሳልጠይቅ የቀሩትን ግመሎቹን ጠየቅሁ።