የለም የተባለው ቀን

ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንኖር ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ፕሮግራሙ የቆመበት የሶፍትዌር ፕላትፎርም አርጅቶ፣ ጓደኛዬ «ወደ አዲሱ ቀይረውና ተገላገል» እያለ ቢነዘንዘኝም ክረምቱን ሙሉ ሳመነታ ከረምኩ።

በመጨረሻ አዲሱን ጫንኩና ለሙከራ የዕለቱን ቀን ጻፍኩ፤ ጳጉሜን ሦስት። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መለሰልኝ። በገዛ አገሬ! አሮጌውም ቢሆን አሥራ ሦስተኛዋን ወር ያወቃት እኔው በእጄ ጽፌለት ነው።

ወዲያው የሩፋኤል ዝናብ ወረደ። ግቢው ነጣ፤ የሚታጠቡት ልጆች ጩኸት በሕልም እንደሚሰማ ድምፅ ወደ አራተኛ ፎቅ ይመጣ ነበር። እናቴ ከበረንዳው «ጠበሉ ሳያመልጥህ ውረድ እንጂ!» አለችኝ።

በኋላ ወደ አዲሱ መቀየሬ አልቀረም። ያን ዕለት ግን ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቼ ወረድኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የለም በተባለው ቀን ውስጥ እስክረሰርስ ቆምኩ።